ኬኩ ላይ ያልበቃው ግማሽ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል የጨመርኩበት እንደሆነ መኪናዬ በሐምሌ ሙቀት፣ የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ቤልትዌይ መሀል ላይ፣ ከነኤሲዋ ቀጥ ትበልብኝ። «ኃይሉ ያጋንናል» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ይባል። ከስካይላይን እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው ሐበሻ፣ ትንሽ ቢባል ሃምሳ ሺህ ሰው፣ በስሜ ያውቀኛል፤ የታወቀ ሰው ደግሞ መታማቱ አይቀርም። ለዚህኛው ታሪክ ግን ምስክር አለኝ። ምስክሬ ባለቤቴ እታለማሁ ናት። እታለማሁን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚናገረው፣ ይህች ሴት ሲፈጥራት ውሸት የሚባል ነገር አልሰጣትም። አንድ ጊዜ አንድ ወዳጄ ቤት ሲቀይር ሶፋ ላሸክመው ሲደውል፣ «የለም በይልኝ» ብዬ ስልኩን ብሰጣት፣ «አለ፤ የለም በይልኝ ብሎኝ ነው» ያለች ሴት ናት። በዚያን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ከማይኩ ሦስት ክንድ ያህል አትርቅም። የተጠራጠረ እሷን ይጠይቅ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ በጁን ወር፣ ቅዳሜ ቀን ነው። የጀመረውም እኛ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ስፒከሩ በተከፈተ ስልክ ነው። በስልኩ ውስጥ የምትናገረው ታላቅ እህቴ እትዬ አበዛሽ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ ከእኛ አሌክሳንድሪያ መንገዱ ካልተዘጋ አርባ ደቂቃ ነው፣ ከተዘጋ ግን አዲስ አበባ ይቀርባል። አንድ ልጇ አክሊል በዚያ ሳምንት ዶክተር ሆኗል። የሰው ሐኪም ሳይሆን የፍልስፍና። ግብዣው የተደገሰው እኛ ሕንፃ ሥር ባለው የግብዣ አዳራሽ፣ ፓርቲ ሩም በሚሉት፣ ነበር፤ ለነዋሪ መቶ ሃምሳ ዶላር ያከራዩታል፣ ዕቃ ካልተሰበረና ወንበሩ ታጥፎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደግሞ ዲፖዚቱን፣ የመያዣውን ገንዘብ፣ ይመልሳሉ። እኔ ለሰው የተናገርኩት ማኔጅመንቱ እኔን አክብሮ በነጻ ሰጠኝ ብዬ ነው፤ ይኼ ከታሪኩ ጋር ስለማይገናኝ እንደ ውሸት አይቆጠርም። እታለማሁ ቲማቲም ትከትፋለች፣ እኔ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ፣ እትዬ አበዛሽ ከስልኩ ውስጥ ታዛለች። በረዶው ከየት እንደሚገዛ፣ ውሃው ስንት ካርቶን እንደሚበቃ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ፓስተር ጸጋዬ የት እንደሚቀመጡ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ልክ በረዶውን እንዳዘዘችው አድርጋ፦

«ያንን ሩምሜቱንም ጥሩት። ወንበር ይሸከማል።»

እታለማሁ ቢላዋዋን አቆመች። ቲማቲሙን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና መክተፍ ጀመረች። እኔም ሻዬ ስኳር እንዳልገባበት ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሩምሜት የተባለው ኖህ ነው። ነርስ ነው፤ እዚሁ አገር የተወለደ የሐበሻ ልጅ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚሆን። አማርኛው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንቱታውንና አንተታውን ባንድ ጠቅልሎ እታለማሁን «ደህና ይዋሉ አንቺ» ብሎ ነው የሚሰናበታት፣ እሷም በዚህ ትወደዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ የአክሊል ሩምሜት ተብሏል። እዚህ አገር የኖረ ሰው ሩምሜት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስድስት ወር አብሮህ ይኖርና በኢንተርኔት ክፍያ ተጣልቶህ የሚሄድ፣ ሲሄድም ድስትህን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ከአፓርትመንት አፓርትመንት ሦስቴ አብሮ የተዛወረ፣ አክሊል ትርፍ አንጀቱን ሲያስወጣ ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረ፣ ለእትዬ አበዛሽ የደም ግፊት መድኃኒቷን በየሳምንቱ በትንንሽ ሳጥን እየደለደለ የሚሰጣት ሩምሜት ከኖህ በቀር አልታየም። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ያውቃል ስል ግን ማንም ተናግሮት አያውቅም። እኛ ቤት የሚታወቅ ነገርና የሚነገር ነገር ጓዳቸው ለየብቻ ነው።

«ስለ ልጁ ደግሞ አንተ ትናገራለህ» አለች እትዬ አበዛሽ። «አፍ እንደሆነ አለህ።»

አፍማ አለኝ። እኛ ዘንድ ሰው ስለ ራሱ አይናገርም፤ ሲመረቅም ሲያገባም የቤቱ ትልቅ ሰው ተነስቶ «ልጃችን ይኼ ነው፣ የተማረው ይኼን ነው፣ ያለው ይኼ ነው» ይላል። ያ ሰው ያለው ነገር ከዚያ ወዲያ የቤት ቃል ይሆናል፤ አክስቱም ጎረቤቱም በዚያው ይጠሩታል። በሰሜን ቨርጂኒያ በእኔ አፍ ያልተመረቀ ልጅ ቢፈለግ አይገኝም። ችግሩ አክሊል የተማረው ነገር ላይ ነው። ያጠናው የጀርመንን ማኅበራዊ ፍልስፍና ነው፤ እስከዚህ ድረስ እናቱም ታውቃለች፣ ፓስተሩም ያውቃሉ፣ እኔም አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ፊኛ ስነፋው ኖሬያለሁ። ነገር ግን የጥናቱ ስም እዚያ ላይ አያበቃም። ሙሉው «የጀርመን ማኅበራዊ ፍልስፍና በኩዊር ዓይን ሲታይ» ነው። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የሚወድዱ ሰዎች ከቆሙበት ሆኖ ሲታይ ማለት ነው። ይህችን ኋለኛዋን ግማሽ ከልጁ ሌላ እኔ፣ እታለማሁና ኖህ ብቻ የምናውቃት ይመስለኝ ነበር። አማርኛ ልፈልግላት ብዬ ሞክሬም ነበር፤ እኔ የማውቃቸው ቃላት ሁሉ ስድብ ሆኑብኝ።

ከቤት ወጥቼ መጀመሪያ የሄድኩት ሴቨን ኮርነርስ፣ የሺሀረግ ዳቦ ቤት ነው። ኬኩ ሰማንያ አምስት ዶላር፤ ክሬሙ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ በነጻ። የሺሀረግ የእጅ ጽሑፏ የታወቀ ነው፣ የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር ጻፊልን ይሏታል። ሳጥኑን ስትከፍትልኝ «እንኳን ደስ ያለህ ዶ/ር አክሊል፣ የጀርመን ማኅበራዊ ፍልስፍና» ይላል፤ ከሥሩ ሌላ ሁለት መስመር የሚያጽፍ ባዶ ክሬም ተርፏል። ባዶውን እንዳላይ ወደ ዳቦው መደርደሪያ ዞርኩ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ ይኼ ነገር ሥራ ያስገኛል?» አለችኝ።

«ሥራ? ሥራው ነው እሱን የሚፈልገው! ጀርመኖች ደውለው ደውለው ስልኩን አቃጠሉት። ሚኒስትሮቻቸው ለስብሰባ ተቀምጠው ‹ቆይ አክሊልን እንጠይቅ› ሳይሉ ውሃ አይጠጡም።»

«እግዜር ያሳድገው። ባለፈው ገና ሰሞን ድፎ ሊያዝዝ መጥቶ ነበር፤ ረጅም ልጅ አብሮት። ጨዋ ነው፣ በሩን ይዞ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ ሲከፍት ነበር። ምኑ ነው?»

«ሩምሜቱ።»

«እ» አለች። ይህቺን «እ» እኔ በሕይወቴ ሙሉ አልረሳትም። ሙግትም አይደለችም፣ ሐሜትም አይደለችም፤ በሚዛን ላይ ያስቀመጡት ነገር ቀሎ ሲገኝ የሚባል ዓይነት «እ» ናት። ሳጥኑን በፕላስተር አሽጋ ሰጠችኝ። ፊቴ ጋለ። ምድጃው ስለሚነድ ነው፤ ዳቦ ቤት ነው እኮ።

ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ፤ አክሊል መኪና የለውም። አፓርትመንታቸው ከሜትሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፣ አንድ መኝታ ክፍል፣ ሊዙ፣ ማለትም የወር ኪራዩ፣ አሥራ ስድስት መቶ ሃምሳ ዶላር። ያን ቤት ከዚያን ቀን በፊት ገብቼበት አላውቅም። ሁልጊዜ ከታች ሆኜ ኮል አደርጋለሁ፣ ይወርዳል። እሱም «ግባ» አይለኝም፣ እኔም «ልግባ» አልለውም፤ ሰባት ዓመት እንዲህ በሰላም ኖርን። በዚያን ቀን ግን የሱቱ ሱሪ ገና እየተተኮሰ ስለነበር «ውጣ ጋሼ» አለኝና ወጣሁ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ መኝታ ቤቱ በሩን ከፍቶ ቁጭ ብሏል። አንድ አልጋ ነው። በወዲህ በኩል የጀርመንኛ መጻሕፍት ተቆልለዋል፣ በወዲያ በኩል የነርስ ነጭ ጫማ ከአልጋው ሥር ወጣ ብሏል። ዓይኔን የማደርግበት ጠፋኝ። ጣሪያውን አየሁ፤ ለእሳት አደጋ ውሃ የሚረጨው ቧንቧ እንዴት እንደተገጠመ በደንብ አጠናሁ፣ አሁንም ቢጠይቁኝ እገጥማለሁ። ኖህ የአክሊልን ሱሪ እየተኮሰ «አንክል ኃይሉ፣ ውሃ ይፈልጋሉ አንተ?» አለኝ። አልፈልግም አልኩት። ጠምቶኝ ነበር። ስለ ሊዙ ተጫወትን፤ ተወደደ አልኩ፣ ተወደደ አለ። ስለ ፓርኪንጉ ተጫወትን። ከዚያ የሚወራ አለቀ። የካውያው እንፋሎት ብቻ ሲተነፍስ ይሰማል። እናቴ ትሙት፣ የሰማይ መላእክት ጭምር የዚያን ቤት ዝምታ ቆመው ያዳመጡ ነው የሚመስለኝ።

ክሬሙ እንዳይቀልጥ ኖህ ኬኩን ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ፣ አክሊል ከፊት። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ቤልትዌይ ላይ ስንወጣ አክሊል ዞር ብሎ በሳጥኑ ግልጽ ክዳን አሻግሮ ጽሑፉን አነበበ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፣ ሁለቴ።

«ጋሼ፣ ግማሹ የት ሄደ?»

«ኬኩ ላይ አልበቃም።»

ከኋላችን ኖህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትልቅ ኬክ ነው እኮ» አለ።

ከዚያ እኔ፣ ወሬ ለመቀየር፣ «ለመሆኑ ጀርመኖቹ ምንድን ነው የሚሉት? ሕዝብ ፊት ልቆም ነው፣ አስረዳኝ እንጂ» አልኩት። አክሊል ሲያስረዳ እጁን አያወናጭፍም፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው።

«ጀርመኖቹ የሚሉት፣ ሰው ብቻውን ሰው አይሆንም ነው። ሌላው አይቶት ‹አለህ› ሲለው ነው ሰው የሚሆነው። ቤት ውስጥ በፍቅር፣ አደባባይ በመብት፣ ሥራ ላይ በክብር። ‹አለህ› ያላሉት ሰው በሕይወቱ ይጎድላል፤ ታመመ ከማለት አይተናነስም።»

«ይኼንማ ጀርመን ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ» አልኩት። እንደሚታወቀው እኔ በአንድ ታላቅ ሆቴል የተሽከርካሪ ጉዳይ ዋና ኃላፊ ነኝ፤ ቫሌው ላይ፣ የእንግዶችን መኪና ተቀብሎ ማቆሙ ላይ ነው የምሠራው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ይሰጡኛል። ፊቴን ያየ የለም።»

ሳቀ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አለ» አለ። ሁለተኛውን ምዕራፍ እኔ ነኝ የጻፍኩለት የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

«አንተስ ምን ጨመርክ ታዲያ?»

«እኔ የምለው፣ ቤት ሰውን በነጻ አያይም። ቤት እንዲያይህ አስቀድመህ ቤቱ በሚፈልግህ ልክ ራስህን ቆርጠህ ትገባለህ። ያቅፉሃል፣ ይስሙሃል፣ ይመርቁሃል፤ የሚያቅፉት ግን የተቆረጠውን ነው። ፈላስፎቹ ‹ቤት ውስጥ ፍቅር አለ› ብለው ያልፋሉ። እኔ የጠየቅኩት፣ በር ላይ የቀረውን ግማሽ ማን አየው ብዬ ነው።»

መስታወቱ ውስጥ ኖህን አየሁት። ኬኩን በሁለት እጁ ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔ ሰባት ዓመት በር ላይ የተውኩትን ሰው ከኋላ አስቀምጬ እየነዳሁ ነበር። ኤሲው እየሠራ ጀርባዬ በላብ ራሰ።

የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ስንጀምር አክሊል ዋናውን ነገር አወጣ። በነሐሴ ጀርመን ሊሄድ ነው፣ ለማስተማር፤ ኖህም ሥራውን ለቆ አብሮት ይሄዳል። «ዛሬ ስትናገር ሙሉውን በልልኝ ጋሼ። ኩዊር በልና እለፍ፤ መኪናም ከፈረንጅ የመጣ ቃል ነው፣ መኪና ስንል ማን ሞተ? ኖህንም ሩምሜት አትበለው። እኔ ብናገረው እማዬ ጠብ ነው የሚመስላት። ከአንተ አፍ ከሰማችው ግን የቤት ቃል ይሆናል። ስንሄድ ከቤተሰብ ተሸኝተን ይሁን፣ ወይስ እንዳመለጠ ሰው እንሂድ፣ እሱን ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«ይኼም ነገር ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ካልቻልክ አሁን ንገረኝ፣ አልቀየምህም። ዝም ብትልም እችለዋለሁ። ግማሹን ግን እንዳትልብኝ። ሰው ሁሉ ፊት ግማሹ ካንተ አፍ ከወጣ፣ እዚህ ቤት ስኖር ግማሽ ሆኜ ነው የምኖረው።»

«እኔ ኃይሉ ያልቻልኩት ምን አለ!» አልኩና መሪውን በመዳፌ መታሁት። ጥሩምባው ሳላስበው ጮኸ፤ ከፊቴ የነበረው ሹፌር ደንግጦ መስመር ለቀቀልኝ።

አዳራሹ ስንደርስ ሰው መግባት ጀምሯል። ወንበሮቹ ከስቶር ገና አልወጡም ነበር፤ ኖህ ሱት እንደለበሰ፣ ኮቱን አውልቆ፣ በየእጁ ሦስት ሦስት እያንጠለጠለ ማውጣት ያዘ። ማንም አላዘዘውም። ማዘዝ ያስፈለገው ሰውም አልነበረም። እትዬ አበዛሽ ሐር የመሰለ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ስትስቅ ስትስም፣ በሄደችበት ሁሉ «ዶክተሬ» ስትል ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ ልጅ መስላለች። ይህች ሴት አባታችን ከሞተ በኋላ እኔን ያስተማረችኝ ናት፤ ዲሲ ከመጣች ወዲህም የሰው አዛውንት ሲጠብቅ አርጅቶ የቀረ እጅ ነው ያላት። እኔ ዘንድ መጣችና የከረባቴን ቋጠሮ አስተካከለች። አልሳቀችም።

«ኃይሉ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት የጸለዩ ናቸው። እንዳታዋርደኝ።»

ታውቃለች። ያን ጊዜ ነው ማወቋን ያወቅኩት፣ የኋለኛውን ግማሽ ጨምሮ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ፓስተር ጸጋዬ ጸለዩ፤ ረጅም ጸሎት ነበር፣ አልጫው ቀዘቀዘ። በጸሎቱ መሀል ዓይኔን ከፈትኩ። አክሊል ዓይኑን ገልጦ እኔን ያየኛል። ኖህ በር አጠገብ ቆሟል፣ አንድ ትርፍ ወንበር በእጁ፤ ምናልባት የዘገየ ሰው ቢመጣ ብሎ ነው። ለራሱ አልዘረጋትም።

ከዚያ ማይኩ ተሰጠኝ።

እንግዲህ ስሙ። ማይኩን ያዝኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ፣ ከሰባት መቶ አያንስም፣ ጭጭ አለ። «ልጃችን አክሊል የተማረው» አልኩ፣ «የጀርመንን ማኅበራዊ ፍልስፍና፣ በኩዊር ዓይን ነው።» አልተንቀጠቀጥኩም። ድምፄ እንደ ደወል ነበር። ቃሉ ያልገባቸው ነበሩ፤ እኔው ደገምኩና፣ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ራሱን ቆርጦ እንዳይገባ የሚጠይቅ ትምህርት ነው ብዬ አስረዳኋቸው፤ ጀርመኖቹን፣ ፍቅሩን፣ መብቱን፣ ክብሩን፣ ሁሉንም። ከዚያ ወደ በሩ ዞርኩ። «ያ የቆመው ኖህ ነው» አልኩ። «ሩምሜት አይደለም። የአክሊል የራሱ ሰው ነው፣ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ የእኛም ሰው ነው። ይህ የቤት ቃል ነው፣ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።» ዝንብ ብትበር ትሰማ ነበር። አንዲት አሮጊት በረጅሙ እልል አሉ። ፓስተር ጸጋዬ ራሳቸውን አቀርቅረው ቆዩና «ጌታ ያውቃል» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም፣ ግን አልወጡም። ሎቢው ውስጥ የሚያልፍ አንድ ጀርመናዊ ቆሞ አጨበጨበ። እትዬ አበዛሽስ? እትዬ አበዛሽ ተነሳች። ያን ሁሉ ሰው ሰንጥቃ በሩ ድረስ ሄደች። ወንበሩን ከኖህ እጅ ተቀበለችው፣ እሷው ዘረጋችው፣ በዚያ ባረጀ እጇ ትከሻውን ይዛ «ተቀመጥ ልጄ» አለችው። ተቀመጠ። አክሊል አለቀሰ። እኔም ያኔ ነው ውሃ የጠጣሁት።

በነሐሴ ሁለቱም ተሸኝተው ሄዱ። ይኸው አራተኛ ዓመታቸው ነው፤ አክሊል በጣም ትልቅ ሰው ስለሆነ ለመደወል ጊዜ የለውም፣ ስልክ ቁጥሩም ተቀይሯል መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው።

ይህን ጽፌ ጨርሼ ትናንት ለምስክሬ አነበብኩላት። እታለማሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሥራ ሸሚዞቼን ታጥፍ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። ስጨርስ አንዱን ሸሚዝ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«ነው አይደል?»

«ቆንጆ ነው። ግን እንዲህ አላልክም፣ ኃይልዬ።» ድምፅዋን አላነሳችም፤ ሙቀት ስንት ነው ብዬ ብጠይቃት በምትመልስልኝ ድምፅ ነው። «‹የጀርመን ማኅበራዊ ፍልስፍና› ብለህ ቆምክ። አበዛሽን አየሃት። ከዚያ ‹ወንበር የተሸከመልንን የአክሊልን ሩምሜትም እናመሰግናለን› አልክ። ሰው አጨበጨበ። ኖህም አጨበጨበ፤ ወንበሯን ስላለቀቃት በአንድ እጁ ጭኑን እየመታ ነው። አክሊል ኬኩን ሳይቆርጥ ወጣ።»

ሌላ ሸሚዝ አነሳች።

«ኖህ ግን ቆየ። ዲፖዚታችሁ እንዳይቀርባችሁ ብሎ ወንበሮቹን በሙሉ አጥፎ፣ ስቶር አስገብቶ ነው የሄደው። ሲወጣ እኔ ዕቃ አጥብ ነበር። ‹ደህና ይዋሉ አንቺ› አለኝ።»